ቀስቷ ዘግይታ ስትመጣ

ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልጣመኝም። ጎረቤት ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፤ ሻዩን ረስቼው ቀዝቅዟል፤ በዚህ ሁሉ ላይ ያቺ ገመድ አልባ ማውስ። እጄ ወደ ቀኝ ከሄደ በኋላ በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስቷ ቆም ትላለች። ከዚያ በድንገት ዘልላ ከምፈልገው ቦታ አልፋ ትገኛለች።

ሰሞኑን የጣናን ዳርቻ ከሳተላይት ምስል ላይ ነጥብ በነጥብ እየተከተልኩ በማስመር ላይ ነኝ። ለዚህ ሥራ የምትዘል ማውስ ቀልድ አይደለችም። ዘጌ ላይ ስደርስ ቀስቷ ተንሸራትታ የቡናውን ጫካ ግማሹን ሐይቅ ውስጥ ከተተችው። የሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ ማውስ ቢታዘዝም ያስቸግራል፤ እምቦጭ የሸፈነው ውሃ ከላይ ሲያዩት እንደ መሬቱ አረንጓዴ ነውና ሐይቁ የት ላይ እንደሚያበቃ መወሰን የዳኝነት ያህል ይከብዳል። እኔ በስንት ጭንቀት የወሰንኩትን እሷ በአንድ ዝላይ ትሽረዋለች።

ባትሪ ቀየርኩ። ከሥሯ ያለችው መብራትና ዓይን የጠረጴዛዬን መስታወት አይወዱትም ብዬ ወረቀት አነጠፍኩላት። ትንሽ ተሻላት፤ ወዲያው ያው ሆነች። በመጨረሻ የእህቴ ልጅ ገባና ቆሞ ሲያየኝ ቆየ።

«ጋሼ፣ ይህች የማውሷ መቀበያ ከሃርድ ዲስኩ ጎን ምን ትሠራለች?»

ማውሷ ከመቀበያዋ ጋር የምትነጋገረው በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው አለኝ፤ ዋይፋዩም እዚያው ሰፈር ነው። ሃርድ ዲስኩ የተሰካበት ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ መረጃ ሲያስተላልፍ በዚያው ሞገድ አካባቢ ጫጫታ ያሰማል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪው ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፎበታል። ልጁ አጭር ማራዘሚያ ፈልጎ መቀበያዋን ከሃርድ ዲስኩ አራቃት፤ ቀስቷም እጄን መከተል ጀመረች። ገመድ አልባዋ በገመድ ተፈወሰች ማለት ነው። ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ማውስን ለሕዝብ ሲያሳይ ባለ ገመድ ነበረች፤ ማን ቁረጡልን አላቸው?

ንዴቴ ግን አልበረደም። ቢበርድልኝ ኖሮ ቁጭ ብዬ እሠራ ነበር እንጂ ወደ ሐይቁ ዳር አልወጣም ነበር። በዘንባባዎቹ ሥር እየሄድኩ ራሴን የጠየቅሁት ይህን ነው፦ ግማሽ ሴኮንድ የማትሞላ መዘግየት ለምን እንዲህ ታነደኛለች? ወደ ደብረ ማርያም ደሴት ለመሻገር ታንኳ ስጠብቅ ግማሽ ቀን ቢያልፍ ቅር አይለኝም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ በቆሎ ዋጋ አወራለሁ። በየቢሮው ደጃፍም «ነገ ተመለስ» ሲሉኝ አመስግኜ የምወጣ ሰው ነኝ፤ አለቃዬ ይመስክር።

ሰውና ኮምፒውተር እንዴት እንደሚግባቡ የሚያጠኑ ሰዎች የሚሉት ነገር አለ። መልሱ ከአንድ አሥረኛ ሴኮንድ በታች ከመጣ ሰው ነገሩን ራሱ በእጁ ያደረገው ይመስለዋል። ከዚያ ካለፈ በመካከል ሌላ ነገር እንዳለ ይሰማዋል። እንግዲህ ያናደደኝ መዘግየቷ ሳይሆን እጄ አለመሆኗን ማሳወቋ ነው ማለት ይቻላል። ታንኳው እጄ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ስለዚህ ቢዘገይም አልከፋም።

ሐይቁስ ቢሆን መቼ ቶሎ ይመልሳል? ዋናው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ጣና ግን ጢም ብሎ የሚሞላው መስከረም ገፋ ሲል ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያስገቡት በአባይ በኩል ከሚወጣው ስለሚበልጥ፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ውሃው ከፍ ማለቱን አይተውም። ሐምሌ ላይ የሆነውን መስከረም ላይ የሚናገር ሐይቅ ነው፤ በዚህ ግን ማንም አይቆጣውም።

እዚህ ላይ እሷ ትዝ አለችኝ። ማን እንደሆነች መጻፍ አያስፈልገኝም።

ያኔ የጻፍኩላትን ሳልጨርስ ትመልስልኝ ነበር። ልናገር ያሰብኩትን ቀድማ ትናገራለች፤ እኔም አንድ ልብ ሆነናል እል ነበር። ከዚያ መልሷ ለማታ መቆየት ጀመረ፤ ቀጥሎ ለማግስቱ፤ አሁን በወር አንዴ ሰላምታ ትልካለች። የተለወጠችው እሷ ናት ስል ከረምኩ። ዛሬ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፦ ድሮም ሌላ ሰው ነበረች። የራሷ ሥራ፣ የራሷ ድካም፣ ልትመልስልኝ የማትፈልግበት ምሽት ነበራት። ፍጥነቷ ይህን ሁሉ ሸፍኖብኝ ኖሯል። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት የወደድኩት ማንን ነው? እሷን ነው ወይስ በእሷ በኩል ቶሎ ተመልሶ የሚመጣውን የራሴን ሐሳብ? ሁለተኛው ከሆነ ናፍቆቴ እንኳ ለእሷ የሚነገር አይደለም።

ልጻፍላት ብዬ ስልኬን አወጣሁ፤ መልሼ ከተትኩት። ብጽፍላት «አንተ ደግሞ እንደ ልማድህ ነገሩን አከበድከው» ነው የምትለኝ። መቼ እንደምትለኝ ግን እንጃ።