14 የእርሳስ ጭረቶች

ዛሬ ከሰው ጋር ማውራት አላሰኘኝም። ስልኬን ዘግቼ ጋራዥ ገባሁ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣብኝ እጄን የሚይዝልኝ ሥራ እፈልጋለሁ። የሞተር ሳይክሌ ፌሪንግ፣ ማለትም ሞተሩን ከውጭ የሚያለብሰው ሽፋን፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሲጠብቀኝ ሰንብቷል።

ከሞተሬ ላይ የወደቅኩ ቀን የሆነውን አልዘረዝረውም። ለመንገድ የተሠራው የፕላስቲክ ፌሪንግ ያን ቀን አለቀ። አሁን የገዛሁት ሰው የተጠቀመበት፣ ለትራክ ማለትም ለውድድር ሜዳ የሚሆን ፌሪንግ ነው። መብራት የለው፣ ፍሬቻ የለው፣ ስፖኪዮ የለው። የፊቱ፣ የሆዱና የኋላው፤ በቃ። ፋይበርግላስ ስለሆነ ሲሰበር አይጣልም። የፋይበርግላስ ጨርቁን ሬዚን በሚባል ሙጫ አርሰህ ከውስጥ ትለጥፋለህ፣ ሲደርቅ ትሞርዳለህ፣ እንደገና ትወጣለህ። ይህን ነገሩን ከውበቱ በላይ እወድለታለሁ።

መግጠሙን የጨረስኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ቀለም ከመቀባት በፊት መግጠም ግዴታ ነው። ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ በትራፓኖ የምትበሳው ቀለሙ ካማረ በኋላ ከሆነ ያማረውን ራስህ ትሰነጥቀዋለህ። የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ፣ በ3 ሚሊሜትር ጀመርኩ፣ ቀስ እያልኩ አሰፋሁ። ወንድሜ ከፊት ሆኖ ያዘልኝ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞርኩ። በግራ በኩል ጣቴ መሪውና ፌሪንጉ መሀል ተጣበቀች። ያቺን ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ቆረጥኳት። ትራክ ላይ መሪው ሲንገጫገጭ እጅ እዚያ መያዝ የለበትም።

የሆዱን ቁራጭ ስገጥም ብዙ ቆየሁ። ሰው ይህን ክፍል ለነፋስ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። የዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን የውድድር ደንብ ግን ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ኢንጂኑ ቢፈነዳ ከዘይቱና ከማቀዝቀዣው ውሃ ቢያንስ ግማሹን መያዝ አለበት፤ ከ5 ሊትር ማነስ አይችልም። ማለትም ሆዱ ገንዳ ነው። ከኋላህ የሚመጣው ሰው ዘይትህ ላይ እንዳይንሸራተት የተሠራ ገንዳ። የማላውቀውን ሰው የሚጠብቅ ነገር በሁለት እጄ ይዤ ነበርና እያንዳንዱን ብሎን ደግሜ ደግሜ አየሁት።

ዛሬ የቀረኝ መሞረድና ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ፣ ነበር። መጀመሪያ በሳሙና አጠብኩ። ከዚያ ቅባት በሚያነሳ ፈሳሽ ጠረግኩ። ብርጭቆ ወረቀት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ቅባቱን ጭረቱ ውስጥ ይቀብረዋል። በኋላ ቀለሙ ከቦታው እየሸሸ ክብ ክብ ቀዳዳ ይሠራል፤ ሁሉንም መልሶ መሞረድ ነው።

240 ቁጥሩን ብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ጀመርኩ። ውሃው አቧራውን ይይዘዋል፤ የፋይበርግላስ አቧራ ቆዳን ያሳክካል፣ ለሳንባም አይሆንም። ሰማያዊው ቀለም ሳሳ። ከሥሩ ነጭ ወጣ። ከነጩ ሥር ቢጫ። የተቆረጠ ግንድ ላይ እንደሚታየው ክብ ክብ ሆነው ተደረደሩ። ትንሽ ገፋ ሳደርግ ቢጫው ላይ ጥቁር መስመር ታየኝ። ታጠፈ። እንደገና ታጠፈ። 3 ነበር። ከጎኑ 8። 38፤ የጋላቢ ቁጥር።

እጄን አቆምኩ።

የሸጠልኝ ሰው ስለዚህ ምንም አላለኝም። ሰማያዊውን የቀባው እሱ ይሁን ከሱ በፊት የነበረው አላውቅም። ግን 38 ቁጥርን የቀባው ሰው በእጁ ነው የቀባው። የ8ቱ የላይኛው ክብ ከታችኛው ትንሽ ይሰፋል። ተለጣፊ ቢሆን እንዲህ አይሆንም። አንድ ሰው እንደኔ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ የሳለው ነው።

ገልብጬ ውስጡን አየሁ። የተለጠፈ ጨርቅ ሦስት ቦታ አለ። ሦስቱም በግራ። እኔም የወደቅኩት በግራ ነው። ይህቺ ነገር ያዘችኝ። ጀርመን ያለው ዛክሰንሪንግ የሚባለው ትራክ 13 መታጠፊያ አለው፤ 10ሩ ወደ ግራ፣ 3ቱ ብቻ ወደ ቀኝ። እዚያ የጎማው ቀኝ ጎን ብዙ ሳይሠራ ይቆይና ይቀዘቅዛል። በተከታታይ ወደ ግራ ሲታጠፍ የቆየ ሰው 11ኛው መታጠፊያ ላይ ድንገት ወደ ቀኝ ሲተኛ የቀዘቀዘው ጎማ ይከዳዋል። ትልልቆቹ ጋላቢዎች ሳይቀሩ እዚያ ይወድቃሉ። እንግዲህ ባለ 38ቱ ሦስቴም በግራ ከወደቀ፣ የሚነዳበት ትራክ ወደ ቀኝ የሚበዛ ነበር ማለት ይሆን? ወይስ ወደ ግራ መተኛት የሚፈራ ሰው ነበር? የፈራ ሰው ሰውነቱ ይደርቃል፤ የደረቀ ሰው ደግሞ መሪውን ይጨብጣል። እኔ ያን ቀን ጨብጬ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ አውቀዋለሁ።

ፕራይመሩን ከማጠንከሪያው ጋር የበጠበጥኩት ከዚህ በኋላ ነው። ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ነገር አለ። ተራ የአቧራ ጭምብል አያቆመውም። ስለዚህ ጓደኛዬ ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣውን ጭምብል አውሶኛል። በሩን ከፈትኩ፣ ወለሉን ውሃ ረጨሁ፣ አቧራው ተኛ። ሁሉም ተዘጋጀ። የኋላውን ቁራጭ ለመጨረሻ ጊዜ ልጥረግ ብዬ ገለበጥኩት።

ከውስጥ፣ መቀመጫው የሚያርፍበት ቦታ፣ በእርሳስ የተሰመሩ ጭረቶች አሉ። አራት ቆመው አንድ አግድም። እንደገና አራት ቆመው አንድ አግድም። ከዚያ አራት ብቻ። 14።

ይህን ቦታ የሚያይ የኋላውን ፈትቶ የገለበጠ ሰው ብቻ ነው። ለራሱ የጻፈው ነው። ምን ነበር የሚቆጥረው? ትራክ የወጣባቸውን ቀኖች? ያሸነፋቸውን? የወደቀባቸውን እንዳልል የተለጠፈው ሦስት ቦታ ብቻ ነው። አንድ ሰው አብሮት ይሄድ ነበርና ከሱ ጋር የሄደባቸውን ቀኖች ይሆን? ደግሞ ለምን 14 ላይ ቆመ? 15ኛው ያለፉትን አራት የሚያስር አግድም ነበር። ለአንድ አግድም መስመር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አልወጣም ማለት ነው። ሸጦት ይሆናል። አርጅቶ ይሆናል። ልጅ ወልዶ ይሆናል። ሌላውን ማሰብ አልፈለግኩም፤ ግን አሰብኩ።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ የነገረኝ ፕራይመሩ ነው። ስመለስ ቆርቆሮው ውስጥ እንደ ሙጫ ወፍሯል። ማጠንከሪያ የገባበት ቀለም አይጠብቅም። በቲነር ላቅጥነው ብልም አይድንም ነበር፤ ያን ሁሉ መድፋት ነበረብኝ። ቆጨኝ። ግን ሌላ ልበጥብጥ ብዬ አልተነሳሁም።

ከውጭ ያለውን 38 ነገ እሞርደዋለሁ። ቢጫው ጠርዙ ላይ እየተላጠ ነው፤ የሚላጥ ቀለም ላይ አዲስ ቀለም አይቆምም። ቁጥሩን በስልኬ አንስቼዋለሁ። የ8ቱን ሰፊ ክብ በጣቴ ሁለቴ ተከተልኩት፣ እጄ እንዲያስታውሰው። የኔን ቁጥር ገና አልመረጥኩም።

የውስጡን ግን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩት፤ ቀለም እንዳይደርስበት። ጋራዡን ከመዝጋቴ በፊት ፕላስተሩን ከአንድ ጠርዝ ገለጥ አድርጌ እንደገና አየሁት። የወንድሜ እርሳስ መሣሪያዎቹ መሀል ነበረች። አነሳኋት። ትራክ የምመለስበት ቀን ሲደርስ፣ ያን አግድም መስመር ማስመር የኔ ነው ወይስ ከጎኑ አዲስ መጀመር አለብኝ?