አስኳሉን ማን በላው?

የእኛ ቤተሰብ ለበዓል ሲሰበሰብ ሰላምታው «እንዴት ከረምሽ» አይደለም። «ውይ፣ ወፈርሽ!» ነው። ያውም በር ላይ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ። እንዲህ ያለችኝ አክስቴ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከአፌ የሚበልጥ ጉርሻ ጠቅልላ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ትለኛለች። እምቢ ካልኩ ኩርፊያ ነው። ከጎረስኩ ደግሞ ለሚቀጥለው በዓል «ውይ፣ ወፈርሽ» ስንቅ ይሆናታል። ይህን ነገር ሽማግሌም አይፈታው።

የዘንድሮን የፋሲካ ዶሮ እኔ ልሥራ ያልኩት ግን ለራሴ ብዬ ብቻ አይደለም። እማዬ ግፊት አለባት። ሐኪሟ «ጨውና ቅቤ ቀንሺ» ካላት ቆይቷል። እሷ የቀነሰችው ሐኪም ቤት መሄዱን ነው። ደግሞስ 55 ቀን ሙሉ ሽሮና ሱፍ ፍትፍት የለመደ ሆድ ላይ፣ ከቅዳሴ መልስ በሌሊት፣ ቅቤውንም ዶሮውንም እንቁላሉንም በአንዴ መልቀቅ ምን ይሉታል? በየዓመቱ በቴሌቪዥን አንድ ሐኪም ቀርበው «ቀስ በቀስ ጀምሩ» ይላሉ። እኛም አፋችንን ሞልተን በአክብሮት እናዳምጣቸዋለን።

ቅዳሜ ወጥ ቤቱን ተረከብኩ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላሁት። ይሄ የእናቶቻችን ሙያ ስለሆነ ማንም አልተቃወመኝም። ጨው ቆጠብኩ። ቅቤውን በግማሽ ቀነስኩ። እስከዚህ ድረስ ስሜ ንጹሕ ነበር።

ከዚያ እንቁላሉ መጣ። ኮሌስትሮሉ ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው፣ ነጩ ውስጥ የለም። የዶሮ ወጥ እንቁላል ደግሞ መረቁ እንዲገባው በቢላ ጫር ጫር መደረጉ አይቀርም። አንዷን ጭረት ትንሽ ጠለቅ አደረግኳት። በሻይ ማንኪያ ጫፍ አስኳሉን ፈልፍዬ አወጣሁ። ነጩ ተመልሶ ግጥም አለ። ምንም አያስታውቅም! 12ቱንም እንደዚያ አደረግኳቸው። አስኳሎቹን ለድመቷ ሰጠኋት።

ሌሊት ማዕዱ ቀረበ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ድፎው ተቆርሷል። ጋሼ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሰው መሃል ተቀምጠዋል። ለክብራቸው ፈረሰኛና እንቁላል ወጣላቸው። እንጀራ ቆርሰው እንቁላሏን ጫን አሉ።

እንቁላል ሲጫኑት ይፈረካከሳል እንጂ አይተፋም። ይቺኛዋ ተፋች። ሆዷ ውስጥ ያጠራቀመችውን መረቅ ሁሉ ጋቢያቸው ላይ ለቀቀችው። ከደረት እስከ ትከሻ።

ጋሼ ምንም አላሉም። እንቁላሏን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገው በቀዳዳዋ አጮለቁ።

«የዚህን ውስጥ ማን በላው?»

አክስቴ አማተበች። ጎረቤታችን «የፈረንጅ ዶሮ እኮ ነው፣ ምን አስኳል አለው» አለች። አንዱ ደግሞ መርፌ የተወጋች ዶሮ እንዲህ እንደምትጥል በእርግጠኝነት አስረዳ። ሁሉም የየራሱን እንቁላል ፈተሸ። ባዶ። ይሄም ባዶ። ድስቱ ከነጭልፋው መጣ። የቀሩት እንቁላሎች ሰሃን ላይ ተደርድረው አንድ በአንድ ተቀደዱ። በትንሣኤ ሌሊት ቤታችን የአስከሬን ምርመራ ክፍል መሰለ። ከዋሽንግተን «እንኳን አደረሳችሁ» ልትል በቪዲዮ የደወለችው ታናሽ አክስቴ ሳትቀር «እስቲ አስጠጉልኝ» እያለች መረመረች። እንቁላል ሻጩ ተረገመ። ዶሮ እርባታው ይከሰስ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔም ደገፍኩ።

ይሄኔ የእህቴ ልጅ ብድግ አለ። «እሷ ናት! ቢጫውን ለድመቷ ስትሰጣት አይቻለሁ!»

«መቼ?»

«ቅዳሜ!»

አክስቴ ትንሽ አሰበችና ደረቷን መታች። «ወይኔ! ድመቷ ከእኛ ቀድማ ገደፈች!»

ሳቁ ገና ሳይበርድ ፋርማሲስቱ የአክስቴ ልጅ አጥንት እየጋጠ ትምህርቱን ጀመረ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በቀን ከ300 ሚሊግራም ኮሌስትሮል አትለፉ የሚለውን ገደብ እ.ኤ.አ. ከ2015–2020 የአመጋገብ መመሪያቸው አንስተውታል አለ። ይበልጥ የሚያሳስበው ቅቤው ነው አለ። ይህን ቅዳሜ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ቀኑን ሙሉ በቴሌግራም የማይረባ ቀልድ ሲልክልኝ ውሏል።

«ቅቤውንማ ቀንሻለሁ» አልኩ ቀና ብዬ። የቀረችኝ ክብር እሷ ነበረች።

እማዬ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። ወጡ ላይ የተንሳፈፈውን ቅቤ ያኔ ነው ልብ ያልኩት።

«አንቺ ቀድመሽ ለቅዳሴ ስትወጪ ትንሽ አከልኩበት» አለች።

ትንሽ! ሄጄ የቅቤውን ዕቃ ከፈትኩት። ታጥቧል።

እስቲ ፍረዱኝ። የእሷ ቅቤ የሚገባበት ገብቷል። ጨውም ሳይታከልበት አልቀረም፣ ባላይም እጠረጥራለሁ። እኔን በባዶ እንቁላል ሲሰቅሉኝ ያመሹ ሰዎች ለእሷ ምን አሉ? «እጅሽ ይባረክ!» ግፊት ያለባት እሷ፣ የተወገዝኩት እኔ። ጋሼም ቢሆኑ ጋቢያቸውን ያበላሸው ባዶው እንቁላል ብቻ ነው ብለው ድርቅ አሉ። ያ ሁሉ ቅቤ ባይኖርበት እኮ እድፉ በአንድ አጠባ ይለቅ ነበር!

በሳምንቱ፣ ለዳግማ ትንሣኤ፣ ያንኑ ጋቢ ለብሰው መጡ። እድፉ አለ። ምሳ ሲቀርብ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ከነቅርፊቱ።

«አትቸገሪ ልጄ፣ እኔ የራሴን ይዣለሁ» አሉኝ።

ቀስ ብለው ላጡት። ለሁለት ሰነጠቁት። አስኳሉን በማዕዱ ዙሪያ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ አዙረው አሳዩ። ተጨበጨበ።