ከተጨባበጡ በኋላ ጨዋታ የለም

የስፖርት ክፍላችን አርታኢ የነበሩት ሰው ቀይ እስክሪብቷቸውን የሚያነሡት የሰዋስው ግድፈት ሲያዩ ብቻ ሳይሆን፣ ታሪኩ ራሱ ሊሆን አይችልም ብለው ሲያምኑም ጭምር ነበር። ስለ ቀደምት የሜዳ ቴኒስ ሻምፒዮኖች በማዘጋጀው የሬዲዮ ዝግጅት፣ ሱዛን ሌንግለንና ሄለን ዊልስ እ.ኤ.አ. በ1926 በፈረንሳይዋ ካን ከተማ ያደረጉትን ግጥሚያ ጽፌ አቀረብኩላቸው። ሁለቱ በነጠላ ጨዋታ የተገናኙት በዚያን ዕለት ብቻ ነው።

ሌንግለን የመጀመሪያውን «ሴት» (በጌሞች፣ ማለትም በትናንሽ ጨዋታዎች፣ የሚቆጠር የግጥሚያ ክፍል) 6ለ3 ወስዳ፣ በሁለተኛው 6ለ5 እየመራች ለድል አንድ ነጥብ ሲቀራት፣ ዊልስ የመታቻት ኳስ መስመሩ አጠገብ አረፈችና «አውት!» (ከመስመር ውጭ ናት) የሚል ድምፅ ተሰማ። ተጫዋቾቹ ተጨባበጡ፤ ሕዝቡም ወደ ሜዳው ጎረፈ። ይሁን እንጂ የመስመር ዳኛው ሎርድ ቻርልስ ሆፕ ወደ ዋናው ዳኛ ሄደው፣ ኳሷ ከመስመሩ ውስጥ እንዳረፈችና «አውት» ያሉት እሳቸው እንዳልነበሩ አስረዱ። ጨዋታው ቀጠለ፤ ዊልስም ጌሙን ወስዳ 6ለ6 አደረገችው።

አርታኢያችን እዚህ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከተጨባበጡ በኋላ ጨዋታ የለም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የጮኸው እኮ ዳኛው ሳይሆን ተመልካች ነው።»

«ታዲያ ዋናው ዳኛ ምን ይሠራ ነበር?»

«እሳቸውም ድምፁን የመስመር ዳኛው ድምፅ አድርገው ወሰዱት።»

«አየህ፣ ይሄ የቀበሌ ጨዋታ ነው የሚመስለው። አድማጭ ይስቅብናል» ብለው አንቀጹን ከላይ እስከ ታች ሰረዙት። ሌንግለን ሁለተኛውን ሴት 8ለ6 ማሸነፏን ግን አልነኩትም፤ በመሆኑም አድማጩ ውጤቱን እንጂ ያለቀ ግጥሚያ እንደገና መጀመሩን ሳይሰማ ቀረ፤ የተረፈው ሰዓትም በሙዚቃ ተሞላ። ምንጮቼን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬላቸው ስለነበር የምጨምረው አልነበረኝም፤ ቢሆንም ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ።

ከወራት በኋላ ስለ እግር ኳስ ዳኝነት በተደረገ የስቱዲዮ ውይይት ላይ እኚሁ ሰው ተጋብዘው፣ «ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም» ብለው ጀመሩና የካኑን ታሪክ ከነመስመር ዳኛው ስም አንድ ሳያስቀሩ ተረኩት። ሎርዱ ላብ በላብ ሆነው፣ ባርኔጣቸው ወድቆ እንደነበር ጨምረውበታል፤ ይህን እንኳ እኔ አልጻፍኩትም። አዘጋጁ ተደንቆ «ከየት አገኙት?» ሲላቸው፣ «ማንበብ ነዋ!» አሉ። ድምፅ የሚቀርጸው ባልደረባዬ በመስታወቱ በኩል አየኝና አንገቱን ደፋ።

በሚቀጥለው ጽሑፌ፣ አሜሪካዊው ዶን በጅ እ.ኤ.አ. በ1937 በዴቪስ ካፕ፣ በአገሮች መካከል በሚደረገው የቴኒስ ውድድር፣ ከጀርመናዊው ጎትፍሪድ ፎን ክራም ጋር በዊምብልደን ያደረገውን ግጥሚያ አቀረብኩ። በጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴቶች ተሸንፎ፣ ቀጣዮቹን ሁለቱን አሸንፎ፣ በአምስተኛው 4ለ1 ከተመራ በኋላ ነው የረታው። አርታኢያችን በጥሞና አነበቡት፤ ራሳቸውንም በአዎንታ ነቀነቁ፤ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። በጅ አምስተኛውን ሴት ያሸነፈው 8ለ6 ነበር።

«ይሄማ የካኑ ውጤት ነው፤ ከድሮው ጽሑፍህ ገልብጠህ መጣህ?» አሉና ቀዩን እስክሪብቶ ፈለጉ።