የተቀነሱልኝ ሦስት ዓመታት

ዛሬ ጠዋት ከማሠለጥናቸው ታዳጊዎች ጋር ልምምድ ሳንጀምር አንድ አባት ሜዳው ዳር ጠበቁኝ። ከጎዛምን ነው የመጡት፣ በእግር። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ዱላቸውን ተደግፈዋል፤ የደብረ ማርቆስ ጠዋት መቼም በመጋቢትም አይምርም። ስለ ጤፉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እናቴ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ ጠጋ አሉና "ያን ነገር ለልጄም አድርግለት እንጂ" አሉኝ።

"የቱን ነገር ጋሼ?"

"ዕድሜውን ነዋ! ላንተስ ቀንሰውልህ አይደል ለክለብ የበቃኸው?"

ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው። ለመጀመሪያው ክለቤ ስፈርም 20 ዓመቴ ነበር። ሰውየው መቼ እንደተወለድኩ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ "ተሳስተሃል" ብሎ ሦስት ዓመት ቀንሶ ጻፈ። እኔም ሳቅኩ። ወጣት ቡድን ገባሁ፣ ያን ሰሞን ደግሞ አንድ ቀጭን አማካይ ተቀነሰ፣ የእውነት 16 ዓመቱ የነበረ፣ ኳስ ስንሻማ ትከሻዬን ሳሳርፍበት እንደ ገለባ የሚበር ልጅ። ስሙን እንኳ ረስቼዋለሁ። ሻንጣውን ይዞ በር ላይ የቆመበትን ግን አልረሳሁም።

በኋላ ጉልበቴ ሲበጠስ ሁሉም "ገና 26 ነህ፣ ትመለሳለህ" ይሉኝ ነበር። ጉልበቴ 29 ነበር። አልተመለስኩም።

ይሄን ሁሉ ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። የነገርኳቸው ስለ ፊፋ ነው። ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያያሉ፤ የአጥንቱ ማደጊያ ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ከተገኘ ልጁ 17ን አልፏል ተብሎ ይወጣል።

"ፊፋ ጎዛምን ድረስ ይመጣል እንዴ?" አሉኝ። ሳቄ መጣ።

ችግሩ እኮ ወረቀት የለም። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት የኔ ልጆች ዕድሜ ያለው በወላጅ አፍ ነው። አፍ ደግሞ እንደ ውድድሩ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ሞከርኩ፦ ክርስትናው መቼ ነበር? አላመነቱም። "የተወለደ ለኅዳር ሚካኤል፣ በ40 ቀኑ ታኅሣሥ 21 ለማርያም አስነሳነው፣ በ2003።" ወዲያው ምን እንዳሉ ገባቸውና ዝም አሉ። 15 ከሞላው አራት ወር ሆኖታል። የምንመለምለው ከ15 በታች ነው።

ልጁ ይሄኔ ሜዳ ውስጥ ጠጠር እየደረደረ ነበር፤ ኮናችን ተሰባብሮ ስላለቀ በጠጠር ነው የምንሠራው። ግራ እግሩ ጉድ ነው። በአራቱ ጠጠሮች መሀል ኳሷን ሳያያት ነው የሚያወጣት፣ ቀና ብሎ። ደብተሬ ላይ ኅዳር 12 ቀን 2003 ብዬ ጻፍኩ። እጄ ግን ከበደኝ፣ አልዋሽም።

ልምምድ ጨርሰን ስንወጣ አባትየው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

"እሺ፣ አንዷን ዓመት ብቻ?" አሉኝ።