ኦቾሎኒው ቀርቶ ግብጦ የገባበት ልደት

ትእዛዙ የመጣው በስልክ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ልደት፣ 40 እንግዳ፣ ባሕር ዳር ከጣና ዳር ባለ ግቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። እናትየዋ ምግቡን ቆጥራ ከጨረሰች በኋላ ልትዘጋ ስትል፣ «አዎ ደግሞ፣ ከጓደኞቿ አንዱን ልጅ ኦቾሎኒ አይስማማውም» አለች። የኬተሪንጉ ኃላፊ ሌላውን ሁሉ ትታ እዚህ ላይ ቆመች። ሆድ የሚነፋው ልጅና ጉሮሮው የሚዘጋው ልጅ በስልክ የሚነገሩት በአንድ ቃል ነው፤ ለወጥ ቤቱ ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የልጁን እናት ስልክ ተቀብላ ራሷ ደወለች። ኦቾሎኒ ብቻ ነው ወይስ ካሹና አልሞንድም? ሰሊጥስ? ባለፈው ምን ያህል በልቶ፣ በስንት ደቂቃ፣ ምን ሆነ? የታዘዘለት መድኃኒት አለ? መልሱ አያሻማም ነበር። የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ አንዴ ገምጦ፣ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሩ አብጦ፣ ሰውነቱ ሽፍ ብሎ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ገብቷል። ሰሊጥ ይበላል። ካሹና አልሞንድ ቀምሶ አያውቅም። ራሱን የሚወጋበት አድሬናሊን፣ ማለትም የከባድ አለርጂ ዋና መድኃኒት፣ የለውም። ስለዚህ ኦቾሎኒም ሆነ እነ ካሹ ከድግሱ ሙሉ በሙሉ ወጡ፤ ለእሱ ብቻ የተለየ ሳህን ከማዘጋጀት ይልቅ ጠረጴዛው በሙሉ እሱ የሚበላው እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከጓደኞቹ ተለይቶ መብላት ያሳፍረዋል፣ ተደብቆም ከሌላው ሳህን ይቀምሳል።

ወጥ ቤት ውስጥ አስቸጋሪው የሚታየው ኦቾሎኒ አይደለም። ቆሎ ውስጥ ያለውን ማንም ያየዋል። የማይታየው ወፍጮ ቤት ነው። ሽሮና በርበሬ በሚፈጭበት ድንጋይ ከፊት የመጣ ደንበኛ ኦቾሎኒ አስፈጭቶ ከሆነ፣ መሃል የቀረው ዱቄት ቀጥሎ በሚመጣው ሰው ጆንያ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ቀድሞ መድረስም ዋስትና አይሆንም፣ የትናንቱ እዚያው አለና። ሽሮ ከሜኑው ወጣ፤ ለአሳው የሚያስፈልገው ግማሽ ኪሎ በርበሬ ከነዛላው ተገዝቶ፣ ኦቾሎኒ ገብቶበት በማያውቅ የቤት መፍጫ ተፈጨ።

ቀረሶ የሚባለውን አሳና ሳምቡሳ ለመጥበስ 10 ሊትር ዘይት ያስፈልግ ነበር። ማሸጊያው ያልተከፈተ የተጣራ የሱፍ ዘይት ተገዛ እንጂ ከሌላ ሥራ የተረፈ ዘይት ጠብታ አልተነካም። ብዙ ሰው «እሳቱ ያቃጥለዋል» ይላል፤ የኦቾሎኒ ፕሮቲን ግን በመጥበሻ ሙቀት አይጠፋም፣ እንዲያውም መቆላት ያጠነክረዋል። ለማንጎና አቮካዶ ጁሱ ብሌንደር ከጁስ ቤት መከራየት የተለመደ ነው። ያ ማሽን ትናንት ኦቾሎኒ ፈጭቶበት ሊሆን ይችላል፣ ከምላጩ ሥር ያለው ጎማ ካልተፈታ ደግሞ አይጸዳም። ስለዚህ የራስ ብሌንደር ብቻ። የእንጨት መክተፊያና ሙቀጫ በስንጥቃቸው ስለሚይዙ ቀሩ፤ ፕላስቲኩና ብረቱ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ በአዲስ ጨርቅ ተወለወለ። ሳኒታይዘር ጀርም ይገድል እንደሆነ እንጂ የኦቾሎኒ ፕሮቲን ከእጅ ላይ አያነሳም። እጅ በሳሙና ነው።

ኬኩ ከኬክ ቤት አልታዘዘም። የከተማችን ብዙ ኬክ ቤቶች ጎኑን የሚያለብሱት በተፈጨ ኦቾሎኒ ነው፤ «አታድርጉበት» ቢባሉም ክሬም የሚቀባበት ቢላዋ ያው ነው። ስፖንጁ ቤት ተጋገረ፦ 12 እንቁላል፣ ለእያንዳንዱ 30 ግራም ስኳርና 30 ግራም ዱቄት። እንቁላሉና ስኳሩ ከማንኪያ እንደ ጥብጣብ እስኪወርድ ይመታል፣ ዱቄቱ በሦስት ጊዜ ተነፍቶ በቀስታ ይቀላቀላል፣ በ180 ዲግሪ ይጋገራል። ዱቄቱ ሲገባ ማሽን ከተጠቀሙ አየሩ ይወጣና ኬኩ ይቀመጣል። ላዩ ክሬምና እንጆሪ፣ ጎኑ ባዶ። ሀዘልነት፣ ማለትም ከእነ ካሹ ወገን የሆነ ፍሬ፣ ያለበት የቸኮሌት ቅባትም አልገባም።

የልጁን ጉዳይ የሚያውቁ ሁለት አስተናጋጆች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ ከጠረጴዛው፣ ሌላው ከበር። መኪና ተዘጋጅቷል፣ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ፣ የማይጠጣ ሹፌር ይዞ። ከጣና ዳር ሰፈሮች የሚቀርበው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል እንደሆነ አስቀድሞ ታይቷል፤ ጥበበ ግዮን ከከተማው ወጣ ብሎ በአዴት መንገድ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ም በወጥ ቤቱ በር ላይ ተጽፏል።

አሥር ሰዓት ላይ ከዳንግላ የመጣች አክስት በሰፌድ ግብጦ ይዛ ደረሰች። በሩ ላይ ያለው አስተናጋጅ ሥራውን ሠራ።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ኦቾሎኒ አለበት እንዴ?»

«ኧረ ምን ኦቾሎኒ! ንጹሕ ግብጦ ነው ልጄ፣ ራሴ የዘፈዘፍኩት።»

መልሷ እውነት ነበር። ግብጦው ከፈንዲሻው አጠገብ ተቀመጠ፣ ሁሉንም መብላት እንደሚችል የተነገረው ልጅም በእፍኙ ዘገነ።

አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጉሮሮውን ይጠርግ ጀመር። ለስላሳ ጠጣ፣ ከዚያ ማንም ሳያየው ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ። ይሄ የጎረምሶች ነገር ነው፦ ሲጀምራቸው ይሸሻሉ፣ ሽንት ቤት ገብተው የሚዘጉም አሉ፣ የሚወድቁትም እዚያ ብቻቸውን ነው። ከጠረጴዛው ዘንድ ያለችው አስተናጋጅ አንገቱን ሲያክ አይታ ተከተለችው። አንገቱ ላይ ትልልቅ ሽፍታ ወጥቷል፣ ድምፁም ጎርንኗል።

«አንተ፣ አፍህን ያሳክክሃል?»

«ትንሽ... ደህና ነኝ።»

አልተከራከረችውም። አፉን በውኃ ተጉመጥምጦ እንዲተፋ አድርጋ መኪናው ውስጥ ደገፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ትንፋሽ ካጠረ መቀመጥ ይሻላል፤ ሰውየው ደክሞት ራሱን ካዞረው ግን ተጋድሞ እግሩ ከፍ ይላል፣ ተነስቶ መራመድ አይፈቀድለትም። ከጎረቤት አንዷ ወተት ይዛ ሮጠች፣ ሌላው ሴትሪዚን የሚባለውን የአለርጂ ኪኒን አወጣ። ወተት አለርጂ አያረክስም፣ ያበጠ ጉሮሮ ላይም ትን ሊል ይችላል። ኪኒኑ ማሳከኩን ያስታግስ ይሆናል እንጂ ትንፋሽ አይከፍትም፣ እሱን መጠበቅ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ሁለቱም ቀሩ። ከግብጦው እፍኝ ያህል በፌስታል ተይዞ ሄደ፤ በመንገድ ላይ ለሆስፒታሉም ለእናቱም ተደወለ፦ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ፣ ግብጦ በልቷል፣ ከጀመረው 10 ደቂቃ።

እንደደረሱ አድሬናሊን ጭኑ ላይ በውጭ በኩል ተወጋ። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.01 ሚሊግራም እየተሰላ፣ ለትልቅ ሰው እስከ 0.5 ሚሊግራም ነው፤ ካልተሻለው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ተሻለው። ቢሆንም እስከ ማታ አልተለቀቀም፣ ጠፍቶ የነበረው ምልክት ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላልና።

ግብጦ ከኦቾሎኒ ጋር የአንድ ቤተሰብ ጥራጥሬ ነው። ፕሮቲናቸው ስለሚመሳሰል፣ ሁሉም ላይ ባይሆንም፣ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበትን ሰው ሊነሳበት ይችላል። ተቆልቶ፣ ውኃው እየተቀየረ ለቀናት ሲዘፈዘፍ የሚወጣለት ምሬቱ ነው፤ ፕሮቲኑ እዚያው ይቀራል። በአውሮፓ ኅብረት ምግብ ማሸጊያ ላይ በግድ ተለይተው ከሚጻፉት 14 አለርጂ አምጪዎች አንዱ ነው። እኛ ዘንድ በጎጃምና በአዊ እንግዳ የሚቀበሉበት ቁርስ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

ኬተሪንጉ ከዚያ በኋላ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ግብጦን ከኦቾሎኒ ጎን ጻፈ። የበሩ ጥያቄም ቀረ። ምን እንዳለበት አይጠየቅም፣ ምንም ይሁን ወደ ልጆቹ ጠረጴዛ አይሄድም። እንግዳ ይዞ የመጣውን መመለስ ነውር ነውና፣ «እጅዎን ይባርክልን እትዬ፣ ለትልልቆቹ ቤት ውስጥ እናቀርበዋለን» ተብሎ ይወሰዳል።

የልጁ እናት ሽሮና ምስሩንም ልታስቆመው ነበር። ሐኪሙ ከለከላት፦ አብዛኛው የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ሽምብራ፣ ምስርና ባቄላ ያለ ችግር ይበላል፤ ሲበላ የኖረውን ይብላ፣ ግብጦ ግን እስኪመረመር ድረስ አይቅመስ።