ጳጉሜን የበላው ኮኔክተር

ሐምሌ 2015 ላይ ድሬዳዋ ነበርኩ። መጋላ ውስጥ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ዘንድ። ስኳር፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ሳሙና ያከፋፍላሉ። ሽያጩ በአንድ ፕሮግራም ይመዘገባል፣ ሒሳቡ በሌላ ይያዛል። የሒሳቡ ፒችትሪ ነው። ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት አልፈዋል፤ የእኛ አገር የሒሳብ ሰው ግን አሁንም ፒችትሪ ነው የሚለው። እኔም አልለውጠውም።

በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል የነበረው ድልድይ አንድ ሰው ነው። የሒሳብ ሹሙ፣ ጋሼ። ማታ ማታ የቀኑን ደረሰኝ ከሽያጩ ፕሮግራም እያዩ ወደ ፒችትሪ በእጃቸው ይተይቡ ነበር። እኔ የተጠራሁት ይህን ድካም ለማስቀረት ነው። ከሽያጩ ዳታቤዝ አንብቦ፣ ፒችትሪ የሚቀበለውን ፋይል አዘጋጅቶ የሚያስገባ ኮኔክተር ልሠራ።

በመጀመሪያው ቀን "እርስዎ" ስላቸው ሳቁ። "አቦ፣ እዚህ አንቱ የለም።" እሺ አልኩ፤ ግን የአዲስ አበባ አፍ እንቢ አለኝ።

ሥራው ከባድ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቀኑ። የሽያጩ ፕሮግራም በእኛ አቆጣጠር ይመዘግባል፣ ፒችትሪ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ጋሼ ሁለቱን ድሮ አስታርቀዋቸዋል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ፒችትሪው ላይ ጁላይ 8 ብለው ከፍተውታል። ነሐሴን ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 10 ዘርግተውታል። ይህ ወር ለምን 35 ቀን ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም።

የቀን መቀየሪያውን ጻፍኩ። ጠንቃቃ ልሁን ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩበት። ወሩ ከ1 በታች ወይም ከ12 በላይ ከሆነ ደረሰኙ የተበላሸ ነው፤ ወደ ሎግ ፋይል፣ ማለትም ውድቅ የሆነው ወደሚመዘገብበት ፋይል፣ ይሂድ፤ ሥራው ይቀጥል። ይህን መስመር የጻፈው "የ13 ወር ፀጋ" የሚል ፖስተር እያየ ያደገ ሰው ነው። እጅ የለመደውን ይጽፋል፣ ምን ይደረግ።

ለሙከራ ጥርን፣ የካቲትንና መጋቢትን ወሰድኩ። አንድ ችግር ተገኘ። ስሙ ውስጥ የፈረንጅ ኮማ ያለበት ደንበኛ ነበር፤ ፋይሉ ደግሞ ዓምድ የሚለየው በኮማ ስለሆነ የሰውየው ስም ለሁለት ተከፍሎ ገንዘቡ ቫት ዓምድ ውስጥ ገባ። አስተካከልኩት። ከዚያ 15 በመቶው ቫት ሳይቀር እስከ ሳንቲም ገጠመ።

ዓመቱን ሙሉ ያስገባሁት ከምሳ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ድሬ ትዘጋለች። ሱቁ ይቆለፋል፣ ባጃጁ ይቀንሳል፣ የሚቅመው በርጫው ላይ ይቀመጣል፣ የማይቅመው ይተኛል። ቢሮው ውስጥ የቀረነው እኔና ቬንትሌተሩ ነበርን። ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ብዬ ለቀቅኩት። ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ "የተላከ 8,412፣ የገባ 8,412፣ ተሳክቷል" አለ። እኔም እንደ ድሬ ሰው ጋደም አልኩ።

ጋሼ 10 ሰዓት ላይ መጡ። ሪፖርቱን ዘረጋሁላቸው። ድምሩን አያዩትም ብዬ አልጠበቅኩም፤ አላዩትም።

"የቁልቢን ሰሞን አሳየኝ" አሉ።

ታኅሣሥ 17ን፣ 18ን ከፈትኩ። አለ። ሽያጩ ከሌላው ቀን ዘለል ብሏል።

"የረመዳን ዋዜማ?"

አለ።

"የእንቁጣጣሽ ዋዜማ?"

ወደ ኋላ ሄድኩ። ነሐሴ 30፣ ሴፕቴምበር 5። ቀጥሎ መስከረም 1፣ ሴፕቴምበር 11። መሃሉ ላይ ምንም የለም።

"ያኔ ዝግ ነበራችሁ እንዴ?" አልኩ፣ ተስፋ በማድረግ።

መነጽራቸውን አወለቁ። "ዝግ? በዚያ ሳምንት እኮ ቁጭ ብዬ ምሳ አልበላሁም። ዘይት ከመኪና ሳይወርድ ነበር የሚሸጠው። የደረሰኝ ቁጥሩን እየው።"

አየሁት። የነሐሴ 30 የመጨረሻው ደረሰኝና የመስከረም 1 የመጀመሪያው መካከል 213 ቁጥር ዘሏል።

"አንተ እንዴት አወቅክ?" ሳላስበው ወጣኝ።

"አሁን ድሬ ገባህ" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሎግ ፋይሉን ከፈትኩት። 213 መስመር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፦ ልክ ያልሆነ ወር፣ 13። ያሳፈረኝ ጳጉሜን መርሳቴ ብቻ አይደለም። ማመሳከሪያዬም አብሮኝ ነው የተሳሳተው። የቆጠርኩት በማጣሪያዬ ያለፈውን ነው፤ እሱን ከገባው ጋር አመሳከርኩ። ያለፈው ሁሉ ገብቷል፣ እውነት ነው። ከምንጩ ስንት እንደተነሳ ግን ማንም አልጠየቀም። ሦስቱ የሙከራ ወሮችም ከጳጉሜ ርቀው የተቀመጡ ናቸው። ራሴ መርጬ፣ ራሴ ፈትኜ፣ ራሴን አሳለፍኩ።

ጋሼ የጳጉሜን ሽያጭ ከነሐሴ ጋር ደምረው ቫቱን ድሮ አሳውቀዋል። 35 ቀኑ ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ፒችትሪው በእኔ ቁጥር ቢቀር ኖሮ የዓመቱ ገቢ ካሳወቁት ያነሰ ይወጣ ነበር። ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ የዓመቱን ሒሳብ የሚያቀርበው እስከ ጥቅምት 30 ነው። ጊዜ ስለነበረን አልተደናገጡም። እኔ ነኝ የተደናገጥኩት።

ማታውን አስተካከልኩ። 13ኛ ወር አለ፣ 5 ቀን አለው። 213ቱም ገቡ፣ ሴፕቴምበር 6 እስከ 10 ሞላ። በማግስቱ በኩራት አሳየኋቸው።

"ዘንድሮስ?" አሉ።

"ዘንድሮ ምን?"

"ዘንድሮ ሉቃስ ነው።"

ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ናት። የ2014ቷ ጳጉሜ 5 ነበረች፣ ሁለት ወር ያልሞላው ጊዜ የቀራት የ2015ቷ ግን 6 ልትሆን ነው። የዚያን ቀን ሽያጭ አዲሱ ኮኔክተሬ "የተበላሸ ቀን" ብሎ ሊወረውረው ነው። በዚያ ላይ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ 11 ላይ አይደለም። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ 6 ቀን ይሁን ብዬ ጻፍኩ። 2007፣ 2011፣ 2015ን ሞከርኩ። ጋሼ በጣታቸው ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ እያሉ ቆጥረው ተስማሙ።

ሎግ ፋይሉንም አነሳሁት። አሁን አንድ ደረሰኝ እንኳ ውድቅ ከሆነ ሥራው ይቆምና ስክሪኑ ይቀላል። ቆጠራው ከምንጩ ይጀምራል። የደረሰኝ ቁጥር ከዘለለ ደግሞ የቱ ጋ እንደዘለለ ይናገራል። የቁልቢን፣ የረመዳንንና የእንቁጣጣሽን ሰሞን በሙከራው ውስጥ በስማቸው አስገባኋቸው።

ሁለት ወር ገደማ አለፈ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ለበዓሉ ዶሮ ፍለጋ ገበያ መሃል ቆሜያለሁ። ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ሰላምታ የለ፣ እንኳን አደረሰህ የለ።

"ዛሬ ስድስት ነው። ገብቷል" አሉና ዘጉት።