ታዲያ ሰውዬው ምን አለ?

የራዲዮ አድማጭ ከመሀል ነው የሚገባው። ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪ ሲጭን ድምፁን ይቀንሳል፣ ሲያወርድ ይጨምራል። ቤት ያለችው ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማለች፣ ቡናው ሲገነፍል ብድግ ትላለች። እኛ ስቱዲዮ የተቀመጥነው ግን አገሩ ሁሉ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ጆሮውን ሰጥቶን የሚሰማን ይመስለናል። ሐዋሳ ውስጥ በምሠራበት ኤፍኤም ጣቢያ አንድ ቅዳሜ ይህንን በደንብ አድርገው አስታወሱን።

ቅዳሜ ከሰዓት ስለ ታዋቂ ተዋንያንና ድምፃውያን የሚያወራ የመዝናኛ ፕሮግራም አለን። አዘጋጇ ጎበዝ ልጅ ናት። ሳትዘጋጅ ገብታ አታውቅም። ችግሩ ዝግጅቷ ወረቀት ላይ መቅረቱ ነው። እገሌ በዚህ ዓመት ተወለደ፣ ይህን ፊልም ሠራ፣ ይህን ሽልማት ወሰደ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ማን ይደውላል? የሚደውለውም ዘፈን ለመምረጥ ነው።

የዚያን ቀን እንግዳችን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ድምፃዊ ነበር። ሻሸመኔ ላይ መንገድ ተዘጋጋበት። "ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ" እያለ ሰዓቱ አለፈ። (የእኛ ሰው "ደርሻለሁ" ሲል ተነስቷል ማለት ነው፤ ያም ዕድለኛ ከሆናችሁ።) ሁለት ዘፈን አጫወትን። ማስታወቂያ ደገምን። የአዘጋጇ ወረቀት አለቀ። በመስታወቱ በኩል ወደ እኔ አየች። እኔ ደግሞ አጠገቤ ሚክሰሩ ላይ ወደተቀመጡት ሰው ዞርኩ።

ጋሼ የድምፅ ቴክኒሻናችን ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ነው የሚላቸው። በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን ያንቀሳቅሱ ነበር። አሁን የማታ ተረኛ ሲሆኑ ስልካቸውን ከሻይ ብርጭቆ ጋር አስደግፈው የድሮ ፊልም ሰዎችን ቃለ መጠይቅ ያያሉ። ከሁሉም አንድን ሰው አይጠግቡትም። ፒተር ቦግዳኖቪች።

ቦግዳኖቪችን የማታውቁት ካላችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። አሜሪካዊ ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1939 ኒውዮርክ ግዛት ተወለደ፣ በጥር 2022 በ82 ዓመቱ አረፈ። ዳይሬክተርም ተዋናይም ነበር። ስሙን የተከለው በ1971 በወጣው "ዘ ላስት ፒክቸር ሾው" ፊልም ነው። የቅርቦቹ ተመልካቾች ደግሞ "ዘ ሶፕራኖስ" የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ራሷ የምትታከምበትን ሐኪም ሆኖ ያስታውሱታል። አንገቱ ላይ ሻርፕ ማሰር ይወዳል፣ መነጽሩ ትልቅ ነው። ሲያወራ ግን መነጽሩም ሻርፑም ይረሳል። የድሮዎቹን ታላላቅ ዳይሬክተሮች ኦርሰን ዌልስን፣ ሂችኮክንና ጆን ፎርድን፣ ተዋንያኑን ኬሪ ግራንትንና ጂሚ ስቲዋርትን በአካል ያገኛቸው፣ አብሯቸው የተቀመጠ ሰው ነው። ታሪካቸውን ሲያወራ ድምፃቸውን እያስመሰለ ነው የሚያወራው። ጋሼ ይህን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። ሻይ ቤት ስንቀመጥ ከእሳቸው ሰምተን ያልሳቅን የለንም።

"ጋሼ፣ እባክዎ ይግቡና አንድ ነገር ያውሩልን፤ እንግዳው እስኪደርስ" አልኳቸው።

"እኔ ቴክኒሻን ነኝ" አሉ። ግን እየተነሱ ነበር።

ሄድፎኑን አጠለቁ። ማይኩን በእጃቸው ትንሽ ዝቅ አደረጉ፤ ድምፅ የሚያውቅ ሰው እንደሚያደርገው። ከዚያ የሂችኮክን የሊፍት ታሪክ ጀመሩ።

"ነገሩ የሆነው ኒውዮርክ ነው" አሉ። "ሂችኮክ ያረፈበት ሆቴል። ወጣቱ ቦግዳኖቪች ሊያነጋግረው ሄዶ ነበር። ትንሽ ጠጥተዋል። አብረው ሊፍት ገቡ።" መግቢያው ይኼው ነው። ከዚያ በኋላ ጋሼ አንድም ስም አልጠሩም።

"ሊፍቱ ቆመ፣ ሰዎች ገቡ። ‘በጣም የሚያስደነግጥ ነበር’ አለ። ‘ደሙ በየቦታው ነው! ሰውዬው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ከጆሮው ይፈሳል፣ ከአፉ ይፈሳል።’ ሊፍቱ እንደገና ቆመ። ሱፍና ከረባት የለበሱ ሰዎች ገቡ። ሁሉም ዝም። ‘ልብሱ በደም ተነክሯል። ጎንበስ ብዬ፣ አንተ ሰው፣ ምን አግኝቶህ ነው? አልኩት። ምን ብሎ እንደመለሰልኝ ታውቃለህ?’"

እዚህ ላይ ጋሼ ቆም አሉ። ጥሩ አወራር ነው፤ ታሪኩ ራሱ እዚያ ላይ ቆም በል ይላል። አዘጋጇ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

መብራት ሄደ።

የእኛ ጄኔሬተር የራሱ ጠባይ አለው። ካልተለመነ አይነሳም። ጥበቃው ሮጦ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። ተመልሰን አየር ላይ እስክንወጣ ድረስ ሐዋሳ ውስጥ ራዲዮ የከፈተ ሁሉ የሰማው የመጨረሻ ነገር፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ደም ስለነከረው ሰው በገዛ ድምፃቸው ሲመሰክሩና ድንገት ሲቋረጡ ነው።

መብራቱ ተመልሶ ስልኩ መሥራት ሲጀምር የመጀመሪያው ደዋይ ባጃጅ ነጂ ነበር። አቶቴ ጋ መንገድ ዳር ቆሟል። "እባካችሁ፣ ተሳፋሪዬ አልወርድም ብላለች። ሰውዬው ምን አለ?" ጥሩ፤ ይህ የእኛ ሰው ነው፣ ከመጀመሪያው የሰማ። ሁለተኛው ደዋይ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የትኛው ሆቴል ነው?" አለ። ሦስተኛዋ እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ሆቴል ውስጥ ነው የሚሠራው። አራተኛው ምንም አልጠየቀም። "ዘጉባችሁ አይደል? አውቄዋለሁ" ብሎ ስልኩን ጠረቀመው። ከዚያ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ተደወለ። እንግዶች እንግዳ መቀበያው ጋ መጥተው በሊፍታችሁ ምን ተፈጠረ እያሉ ነው። ልጁ በትሕትና ነው ያናገረኝ፤ ግን ከኋላው የአለቃው ድምፅ ይሰማል። የአለቃው ትሕትና ያን ያህል አልነበረም።

አዘጋጇ ማይኩን ከፍታ ነገሩን ማብራራት ያዘች። ፊልም ሠሪ ነው፣ አሜሪካ ነው፣ ድሮ ነው። ጋሼም መጨረሻውን ነገሩ። ሊፍቱ ምድር ቤት ደርሶ በሩ ተከፈተ። ማንም መውረድ አልፈለገም። ሂችኮክ በመሀላቸው አልፎ ወጣ። ቦግዳኖቪች ተከትሎት "ታዲያ ሰውዬው ምን አለ?" ቢለው፣ "ምንም አላለም፤ የሊፍት ታሪኬ ናት" አለው።

ባጃጅ ነጂው መልሶ ደወለ። "ይቺን ለመስማት ነው የቆምኩት?" አለ። ከኋላ ሴት ስትስቅ ይሰማል።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጃችን ቁጡ ሰው አይደሉም፤ የዚያን ቀን ግን ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ ነው የገቡት። አንዱ የውጭ ታሪክ ይቅር አለ። ሌላው ሁሉም ነገር በጽሑፍ ይቅረብና አስቀድሞ ይታይ አለ። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ተቀባይነት እያገኘ መጣ። እኔን ደስ አላለኝም። በጽሑፍ ማቅረብ ማለት ወደዚያው ተወለደ፣ ሠራ፣ ተሸለመ መመለስ ነው። ደግሞስ ስሕተቱ ከጽሑፍ መጥፋት የመጣ ነው እንዴ?

ይህን ስንባባል ጋሼ ስልካቸውን አወጡ። "አንዴ ስሙት" አሉ። ቦግዳኖቪች ያንኑ የሊፍት ታሪክ ሲያወራ ነው። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። መጀመሪያ በራሱ ድምፅ ነው የሚያወራው፤ ለስለስ ያለ፣ ፈጠን ያለ። ሂችኮክ ጋ ሲደርስ ግን ጉንጩ ይወርዳል፣ አገጩ አንገቱ ውስጥ ይገባል፣ ቃሉ አንድ በአንድ እየተጎተተ ይወጣል። ወደ ራሱ ሲመለስ እንደገና ይቀላል። ሥራ አስኪያጃችን የፈረንጁን አነጋገር እንደልብ እንደማይከተሉት ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ቢሆንም "ይሄኛው ያ ወፍራሙ ነው፣ ይሄኛው ልጁ ነው" እያሉ በጣታቸው ያሳዩን ነበር።

ነገሩ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የቦግዳኖቪችን ማስመሰል እንደ ቅመም ያየዋል፤ ለሳቅ የተጨመረ። አይደለም። ድምፁ ነው ባለቤቱን የሚናገረው። ሂችኮክ ስለ ደም ሲያወራ በሂችኮክ ድምፅ ስለሆነ፣ ከመሀል የገባ ሰው እንኳ የሚያወራው ሌላ ሰው እንደሆነ ይገባዋል። ጋሼ ደሙን በራሳቸው ድምፅ አወሩት። ስለዚህ ደሙ የእሳቸው ሆነ፣ ሊፍቱም የሐዋሳ።

ሌላም ነገር አለ። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ሞኙ ሁልጊዜ ማን እንደሆነ አስተውሉ። ራሱ ቦግዳኖቪች ነው። ሊፍቱ ውስጥ ሞቅ ብሎት ግራ ተጋብቶ የቆመው እሱ ነው። ስለ ጆን ፎርድ በ1971 በሠራው ዘጋቢ ፊልምም እንዲሁ። ሽማግሌው ፎርድ አሜሪካ በረሃ ውስጥ፣ ሞኑመንት ቫሊ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እሱ ከካሜራው ኋላ ሆኖ አንድን ትልቅ ትዕይንት እንዴት እንደቀረጹት ይጠይቃቸዋል። "በካሜራ" ብለው ይመልሱለታል። ሌላ ሰው ቢሆን ቆርጦ ይጥለው ነበር። እሱ ግን ፊልሙ ውስጥ አስቀረው። ስለ ታዋቂ ሰው የሚያወራ ሰው "እኔና እሱ" እያለ ራሱን ከፍ ሲያደርግ ስንት ጊዜ ሰምተናል! እኛ አገር ደግሞ ይህ በሽታ ፌስቡክ ላይ ጠንቶብናል፤ አርቲስት በሞተ ቁጥር የቅርብ ጓደኛው ይበዛል።

ለአዘጋጇ የነገርኳት ግን ስለ ካርዶቹ ነው። ቦግዳኖቪች ከ1952 እስከ 1970 ድረስ ያየውን እያንዳንዱን ፊልም በካርድ ላይ ይመዘግብ ነበር፤ አስተያየቱን ጭምር። ዳይሬክተሮቹን ሲያነጋግርም ዝም ብሎ አልሄደም፣ ሥራቸውን አንድ በአንድ አይቶ ነው። በዚያ ላይ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ከስቴላ አድለር ትወና ተምሯል። እና የእሷ ወረቀት የሚጣል ነገር አይደለም። ወረቀቱን ይዛ ከመግባት ፈንታ አጥንታው ብትገባ ነው የሚሻለው።

ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ የፈቀዱት በሁለት ቅድመ ሁኔታ ነው። የባለታሪኩ ስም ቶሎ ቶሎ ይጠራ፤ ታሪኩም ሳያልቅ ማስታወቂያ አይግባ። መብራትን በተመለከተ ምንም ማለት አልቻሉም።

ድምፁ ግን ችግር ሆነ። ሐዋሳ ላይ የሂችኮክን ድምፅ ማን ያውቀዋል? ጋሼ ስቱዲዮ ውስጥ ሲለማመዱ ጉንፋን የያዘው ዳኛ ነበር የሚመስሉት። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። በኋላ ደረሱበት። ድምፁ መመሳሰል የለበትም፤ ከእሳቸው ድምፅ መለየት ብቻ ነው ያለበት። ለአንዱ ይዘገያሉ፣ ለሌላው ይቸኩላሉ፣ ለሦስተኛው ቃሉን እየቆራረጡ ይናገራሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የጂሚ ስቲዋርትን ታሪክ አወሩ። ስቲዋርት ረጅም፣ ሲናገር የሚንተባተብ፣ ቃሉን የሚጎትት ሰው ነበር። ለጋሼ ተመቻቸው። ከከተማ ርቀው ፊልም ሲቀርጹ ስቲዋርት ምሳውን እየበላ ሳለ አንድ ሽማግሌ ይመጣል።

"አንተ ስቲዋርት ነህ?"

"አ... አዎ።"

"አንድ ፊልም ላይ ግጥም ብለህ ነበር። በጨለማ ብልጭ ብልጭ ስለሚሉ ነፍሳት። ጥሩ ነበር።"

ይኼው ነው፤ ሽማግሌው ሄደ። የፊልሙን ስም አልጠራም፣ ፊርማም አልጠየቀም። ፊልሙ ከተሠራ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር። ስቲዋርት ግን የትኛውን እንደሚል ወዲያው ገባው። ለቦግዳኖቪችም ሲነግረው፣ ፊልም ለሰው የሚሰጠው እንዲህ ዓይነቷን የማትረሳ ቁራጭ ጊዜ ነው አለው።

ጋሼ እንደጨረሱ ስልኩ ጮኸ። ዘፈን ለመምረጥ የደወለ አልነበረም። አንዲት እናት ልጅ ሳሉ ቀበሌ አዳራሽ ስላዩት ቲያትር ሊነግሩን ነው። የቲያትሩን ስም አያውቁትም፤ የተዋናዩንም። "ደብዳቤ ተነቦለት ኮፍያውን አውልቆ አቧራውን ያራግፋል። አቧራ የለበትም እኮ! ግን ያራግፋል፣ ያራግፋል" አሉ። አዘጋጇ ወረቀቷን ገልብጣ አስቀምጣ "እርስዎ የት ጋ ተቀምጠው ነበር?" ብላ ጠየቀቻቸው። መሬት ላይ፣ ከፊት። ሴትየዋን ለማስጨረስ ዜናው ዘግይቶ ገባ፤ የዜና ክፍሉ ሰዎች እስካሁን ያነሱብናል። ከሳቸው በኋላ ሌላ ደዋይ፣ ከዚያም ሌላ ስለ ሌላ ተዋናይ።

ጋሼ አሁን በወር ሁለት ቅዳሜ ይገባሉ። አስተዳደር ግን የሥራ መደባቸው ቴክኒሻን ስለሆነ የአቅራቢ አበል አይገባቸውም ብሏል። ደብዳቤ ጽፈዋል። መልስ እየጠበቁ ነው።